ሰርጉም ተዝካሩም በአንድ ኮምፒዩተር

እንደሚታወቀው በሲያትልና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የድግስ ወራታችን ከአገር ቤቱ ጋር ተገለባብጧል። አገር ቤት ሰርግ የሚደገሰው ጥር ሲገባ፣ አለዚያም ከፋሲካ በኋላ ነው። እዚህ ግን ሰዉ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ፣ አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ይድራል። ከዚያው ጋር የልጆች ምረቃ ይመጣል፤ ክርስትና ይመጣል፤ ሞትም ወር አይመርጥምና ለቅሶና ተዝካር በመካከሉ ይገባል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ሳይቀረጽ የሚያልፍ የለም ማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የቡሪየን ነዋሪ ስሆን፣ አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። እዚህ ቀን ታክሲ እነዳለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የወገኖቼን ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሥራው በጨመረ ቁጥር «ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን እንዴት ይችሉታል?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። አንዳንዶቹም ካሜራና ኮምፒዩተር ገዝተው ሥራውን ራሳቸው የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። መልሱን ለአንድ ለአንዱ ከምደጋግም በዚህ ገጽ ባቀርበው ይሻላል በማለት ብዕሬን አንስቻለሁ።

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። እውነት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ነገር ግን ዛፎቹን ለይቶ ለሚያውቅና የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ደረሰ ምልክት ለሚተው ሰው፣ ስድስትና ሰባት ዛፍ በየተራ መውጣት ይቻላል። በዚህ ሥራ የተማርኩት ይኸንኑ ነው። ብዙ ሥራ አንድ ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን አለማደባለቅና የፈለጉትን በፈለጉበት ሰዓት ማግኘት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባውን ነገር ላንሳ። በፕሪሚየር ፕሮም ይሁን በዳቪንቺ ሪዞልቭ «ፕሮጀክት» ብለን የምንከፍተው ነገር ቪዲዮውን በውስጡ አልያዘም። የያዘው የቪዲዮዎቹን አድራሻና እኛ የሰጠነውን ትእዛዝ ነው፤ «ከዚህ ፋይል ከ3ኛው እስከ 4ኛው ደቂቃ ያለውን ውሰድ፤ ከዚያ የሌላውን ካሜራ አስከትል» የሚል ማስታወሻ ማለት ነው። ከክፍል የስም ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል። ዝርዝሩ ላይ የተማሪዎቹ ስም እንጂ ተማሪዎቹ የሉም። ተማሪው ክፍል ቀይሮ ከሄደ ስሙን መቶ ጊዜ ብንጠራ «አቤት» የሚል አይኖርም። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። ቪዲዮው ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ ወይም የፋይሉ ስም ከተለወጠ፣ በምስሉ ፈንታ ቀይ መስኮት ያሳየንና ፋይሉን አጣሁት ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሥራው የጠፋበት ይመስለዋል። የጠፋው ግን አድራሻው ብቻ ነው፤ አዲሱን ቦታ ካሳዩት መልሶ ያገናኘዋል። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ «እያንዳንዱ ነገር የት ይቀመጥ?» የሚል ነውና።

በእኔ ዘንድ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቤት አለው፤ ቤቶቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ክፍሎች አሏቸው። አንድ ዋና ፎልደር ይኖራል፤ በውስጡም ሰባት ባለ ቁጥር ፎልደሮች አሉ፦ 1ኛ ጥሬ ቪዲዮ፣ 2ኛ ድምፅ፣ 3ኛ ሙዚቃ፣ 4ኛ ፎቶግራፍና ጽሑፍ፣ 5ኛ የፕሮጀክት ፋይል፣ 6ኛ ፕሮክሲ፣ 7ኛ ያለቀለት ሥራ። ድምፅን ለብቻው ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቡሪየን ነዋሪ እንደሚያውቀው አየር ማረፊያው ጎረቤታችን ነው፤ በጓሮ መልስ ሲደገስ ሽማግሌው ንግግር በጀመሩ ቁጥር አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። ስለዚህ ከካሜራው ሌላ አንድ ትንሽ መቅጃ ከተናጋሪው አጠገብ አስቀምጣለሁ። እነዚህን ሰባት ፎልደሮች አንድ ጊዜ ባዶአቸውን አዘጋጅቼ አኑሬአለሁ፤ አዲስ ሥራ ሲመጣ ባዶውን ገልብጬ ስም እሰጠዋለሁ። በፕሮግራሙ ውስጥም ለሰርግ የሚሆን ባዶ ፕሮጀክት አለኝ፤ «ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ፣ መልስ» የሚሉ ክፍሎች ቀድመው ተሰናድተውለታል። ጥቅሙ ምንድን ነው ቢሉ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደክሞኝ ብቀመጥ እንኳ የየትኛውም ሰርግ ድምፅ የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስም ነገር ነው። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው የባሰ ጣጣ አለብን። አንደኛ፣ የምንኖረው ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2025 በእኛ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አንዱን ሥራ በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጻፉት፣ በአንድ ሳምንት የተሠሩ ሁለት ሰርጎች ኮምፒዩተሩ ላይ ስምንት ዓመት ተራርቀው ይቀመጣሉ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ ለፋይል ስም በእርሱ እጠቀማለሁ፤ የምጽፈውም ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን በማስቀደም ነው። ዓመቱ ከፊት ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሁሉንም በራሱ በየጊዜው ይደረድረዋል። ሁለተኛ፣ ሰዓታችንም ሁለት ነው። የሰርግ ጥሪው ላይ «8 ሰዓት» የተባለውን ካሜራው 14 ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ የሦስቱንም ካሜራ ሰዓት ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እኩል አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ የአንዱ ምስል ከሌላው ጋር ሳያስቸግር ይገጥማል።

ሦስተኛ፣ ፊደላችን ሞክሼ አለው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ የሚያስቸግር ነገር አልሆነም። ነገር ግን ዛሬ «ኃይሉ» ብለው የጻፉትን ነገ «ሀይሉ» ብለው ቢፈልጉት ኮምፒዩተሩ አያገኘውም፤ ለእርሱ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ቢጻፍም አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«አይ» ይጽፈዋል። መፍትሔው የመምህር መፍትሔ ነው፤ ተራ ቁጥር። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር እሰጣለሁ፤ ቁጥሩና የባለቤቶቹ ስም በአንድ ደብተር ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። የስም አጻጻፍ ይለዋወጣል፤ 31 ቁጥር ግን ሁልጊዜ 31 ነው። በዚሁ አንጻር አንድ ሥራ በተሻሻለ ቁጥር 01፣ 02፣ 03 እያልኩ እቀጥላለሁ እንጂ «የመጨረሻ» የሚል ስም አልሰጥም። የሙሽራዋ እናት ሳያዩት የመጨረሻ የሚባል የሰርግ ቪዲዮ የለም!

አንባቢ «ለአንድ ሰርግ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ስም ሳልጠቅስ አንድ የደረሰ ነገር ላውጋችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አራት ሥራ አንድ ላይ ይዤ ነበር፤ ሁለት ሰርግ፣ አንድ ምረቃ፣ አንድ ደግሞ ከአሮጌ ካሴት የሚገለበጥ የቤተሰብ ቪዲዮ። ከሰርጎቹ በአንደኛው የሙሽራው አያት ከወሎ መጥተው ነበር። በመልሱ ዕለት ተነስተው መረቁ። የአገር ቤት ሽማግሌ ምርቃት እንደምታውቁት አጭር አይደለም፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆሙ። ሙሽሮቹን መረቁ፤ ከዚያ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን፣ በአዳራሹ ያሉትንም የሌሉትንም፣ በየስማቸው እየጠሩ መረቁ። ሙሽሮቹ የጠየቁት የአርባ ደቂቃ ፊልም ስለነበረ ከአሥራ አንዱ ሁለት ደቂቃ ገባ፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ «አሜን» የሚልበት ነው። የስሞቹ ዝርዝር ለሰርጉ ፊልም አላስፈለገም።

አያቱ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በሦስተኛው ሳምንት እዚሁ አረፉ።

ልጃቸው ማታ ደወለልኝ። «የአባቴ ድምፅ አለህ?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

የፈለገው ለአርባቸው የሚሆን ቪዲዮ ነበር፤ አንዱ ቅጂ እዚህ ለተሰበሰበው ሰው የሚታይ፣ ሌላው ወሎ ላሉት እናቱ የሚላክ። የሰርጉ ፊልም ደግሞ ገና አላለቀም። በዚያ ላይ ቤተሰቡ በሁለት ተከፈለ። አጎትየው «ምርቃቱ ከሰርጉ ይውጣ፤ የልጆቹን ደስታ ለቅሶ አታድርጉት» አሉ። ሙሽራዋ በበኩልዋ «እንዲያውም ሙሉው ይግባ» አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ኮምፒዩተር አይፈታውም፤ ኤዲተርም ቢሆን የሚፈርድበት አይደለም። ነገር ግን ሥራዎቹ በየቤታቸው ስለነበሩ ማንም መቸኮል አላስፈለገውም። የሰርጉን ፊልም 04 እና 05 ብዬ በሁለት መልክ አዘጋጅቼ ቤተሰቡ ተቀምጦ እንዲያያቸው ሰጠሁ። አጎትየው አይተው ሲያበቁ «ይቅር፤ ሁለቱ ደቂቃ እንዳለች ትሁን» አሉ፤ ሙሽራዋም ተስማማች።

ለአርባው ሥራ አዲስ ቤት ሠራሁ። የምርቃቱን ቪዲዮ ግን ከሰርጉ ፎልደር አላነሳሁትም። አዲሱ ፕሮጀክት ያንኑ ፋይል ባለበት ቦታ እንዲጠቁም ብቻ አደረግኩ፤ አንድ ፋይል፣ ሁለት ፕሮጀክት። ፋይሉን ወደ አዲሱ ፎልደር ማዛወር ማለት የሰርጉን ፊልም በቀይ መስኮት መሙላት ነው። በሰርጉ ፊልም ውስጥ ከድምፃቸው ሥር ሙዚቃ አለ፤ ምስሉም ደመቅ ያለ ነው። በአርባው ግን ሙዚቃ የለም፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ይህ ሁሉ ለውጥ የተጻፈው በየፕሮጀክቱ ስለሆነ ዋናው ቪዲዮ ካሜራው እንደ ቀረጸው ሳይነካ ተቀምጧል። ስለዚህ ደንቡን በአጭሩ ብናገር፣ ጥሬ ቪዲዮ መጀመሪያ ካረፈበት አይነሳም፤ ፕሮጀክቱ ወደ እርሱ ይመጣል እንጂ እርሱ ወደ ፕሮጀክቱ አይሄድም።

በአርባው ዕለት ሰዉን ያስለቀሰው ያ ለሰርጉ ያልተፈለገው የስም ዝርዝር ነበር። ቪዛ ሳታገኝ አዲስ አበባ የቀረች የልጅ ልጃቸው በስልክ ትከታተል ነበር፤ አያትዋ ስምዋን ጠርተው ሲመርቁዋት ሰማች። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪዎች ሁሉ የምናገረው ነገር አለ። አንድ ሥራ ተረክቦ ዓመት ሳይሞላው ከጥሬ ቪዲዮው አንዲት ደቂቃ አትሰርዙ። ለዛሬው ፊልም ትርፍ የሆነው ለሌላው ፊልም ዋናው ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራሞቹ ራሳቸው በዚህ በኩል ብዙ ተሻሽለዋል። ፕሪሚየር እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚከፍተው አንድ ፕሮጀክት ነበር። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ግን ብዙ ፕሮጀክቶችን ጎን ለጎን መክፈት ተቻለ፤ በ2020 ደግሞ «ፕሮዳክሽንስ» የሚባል አሠራር መጣ፤ ይኸውም የተዛመዱ ፕሮጀክቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ፣ አንዱ የሌላውን ቪዲዮ ሳይደግም እንዲጠቀምበት ያደርጋል። በነፃ የሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ «ፓወር ቢን» የሚባል የጋራ ዕቃ ቤት አለው፤ እዚያ ያስቀመጡት የመግቢያ ጽሑፍ፣ ሙዚቃ ወይም አርማ በሁሉም ፕሮጀክት ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው። ቢሆንም ሁለት ፕሮጀክት ጎን ለጎን መክፈት ስለተቻለ ሁልጊዜ ይከፈት ማለት አይደለም። እኔ ሁለቱን የምከፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወሰድ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ እንደ ጨረስኩ አንዱን እዘጋለሁ። የአንዱን ሰርግ እንግዳ በሌላው ሰርግ ፊልም ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሙሽራ የለምና።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙ ሥራ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ቦታ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ፣ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። ሦስት ካሜራ ለስድስት ሰዓት ቢቀርጽ 18 ሰዓት ቪዲዮ፣ ማለትም 810 ጊጋባይት ነው። አንድ ሰርግ ብቻ አንድ ቴራባይት ሊሞላ ምንም አልቀረው! አራት ሥራ ቢደራረብ መካከለኛ ኮምፒዩተር ከቦታው በፊት በጉልበቱ ይደክማል። መድኃኒቱ ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት የዋናው ቪዲዮ አነስተኛ ቅጂ ነው፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብናደርገው ያው 18 ሰዓት 81 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል። ኤዲት የምናደርገው በትንሹ ቅጂ ነው፤ ሥራው አልቆ ሲወጣ ግን ፕሮግራሙ ዋናውን ይጠቀማል። ፕሮክሲው ቢጠፋ እንኳ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ዋናው ቪዲዮ በአስተማማኝ ዲስክ ላይ አርፎ፣ የአራቱም ሥራ ፕሮክሲ ፈጣን በሆነ አንድ ትንሽ ዲስክ ላይ አብሮ ሊኖር ይችላል። ሥራ ሲያልቅ ፕሮክሲውንና ፕሮግራሙ ለራሱ ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል አጥፍቶ ለሚቀጥለው ቦታ መልቀቅ ነው።

ሌላው የእኛ ነገር የሁለት አገር ቪዲዮ መቀላቀሉ ነው። በካሴቱ ዘመን ከአገር ቤት የተላከ የሰርግ ቪዲዮ እዚህ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ አልታይ ማለቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ምክንያቱ የካሴቱ መበላሸት ሳይሆን የአሠራሩ ልዩነት ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በፓል፣ አሜሪካ ደግሞ በኤንቲኤስሲ ይሠሩ ነበር። መነሻው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው፤ የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካው 60 ጊዜ ይመላለሳል። ምስሉም በዚያው ልክ እዚያ በሰከንድ 25፣ እዚህ 30፣ ቀለም ከመጣ በኋላ ደግሞ በትክክል 29.97 ሆነ። ካሴቱ ቢቀርም ልዩነቱ አልቀረም። ከአዲስ አበባ የሚላክልን የሽምግልና ወይም የቅልቅል ቪዲዮ በ25፣ የእኛው በ30 የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። 25ቱ በ30ው ውስጥ ሲገባ ፕሮግራሙ በየሰከንዱ አምስት ምስል ደግሞ ይሞላዋል፤ እንቅስቃሴውም ይቆራረጣል። ስለዚህ በደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር አጠገብ የምስሉን ፍጥነት እጽፋለሁ። በተለይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ቪዲዮ አንዴ ከገባበት በኋላ የፕሮጀክቱን ፍጥነት አስቀይሩኝ አይልምና መጀመሪያ መወሰን ይገባል። አብዛኛው ቪዲዮ ከየት እንደ መጣ አይቶ ያንኑ መምረጥ ይበጃል።

ስለ ጊዜም ጥቂት ልበል። የኤዲት ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዓይንና ልብ የሚፈልግ፣ ሌላው መኪናው፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ፣ ብቻውን የሚሠራው ነው። ቪዲዮ መገልበጥ፣ ፕሮክሲ መሥራት፣ ያለቀውን ማውጣት የኮምፒዩተሩ ድርሻ ነው። የሁሉንም ሥራ ማታ በሰልፍ አስገብቼ እተኛለሁ፤ ሲነጋ አልቆ ይጠብቀኛል። ለዓይን የሚያስፈልገውን ግን በአንድ ማታ ከአንድ ሥራ በላይ አላደርገውም። ማስታወሻ የምይዘው ደግሞ በታክሲው ውስጥ ነው። በአየር ማረፊያው ተራ ስጠብቅ ትንሹን ቅጂ በስልኬ እያየሁ «በ12ኛው ደቂቃ የእናትየው ፊት ይግባ፤ በ20ኛው ድምፁ ይቀነስ» እያልኩ በወረቀት እጽፋለሁ። ማታ ስቀመጥ የማስበው አልቋል፤ እጄ ብቻ ይሠራል። ከሁሉ የሚበልጠው ልማድ ግን ፕሮጀክቱን ከመዝጋት በፊት ያለችው አንዲት ደቂቃ ናት። መምህር ደወል ሲደወል «ዛሬ እዚህ ደረስን፤ ነገ ከዚህ እንቀጥላለን» ብሎ ማስታወሻው ላይ እንደሚያሰፍር ሁሉ፣ የት እንደ ቆምኩና የሚቀጥለው ምን እንደ ሆነ ጽፌ እዘጋለሁ። ሥራው ለሁለት ሳምንት ቢቆይ እንኳ ስመለስበት እንግዳ አልሆንበትም።

ረጅም ሥራን ከሌላ ሥራ ጋር ይዞ ለመዝለቅ የራሳችን ሰው ታላቅ ምሳሌ አለን። ጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ፊልማቸውን ለማድረስ 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ በ1999 ስለ አድዋ ድል የሠሩትን ዘጋቢ ፊልም አወጡ። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በኢትዮጵያና በጀርመን መካከል የሚመላለስ ስለሆነ የሁለት አገርና የብዙ ዘመን ምስል በአንድ ፊልም ውስጥ ይገናኛል። እንደዚህ ያለውን ሥራ በችኮላ መጨረስ አይቻልም። ሥራው ሲቆም እንዳይበታተን አድርጎ ማኖር፣ ሲመለሱበትም ካቆሙበት መቀጠል ያሻል። የእኛ የሰርግ ቪዲዮ ከዚያ ጋር ባይወዳደርም ትዕግሥቱ አንድ ነው።

በመጨረሻም ስለ ቅጂ። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3፣ 2፣ 1 የሚባል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለእኛ ከቤት ውጪ የሚሆን ቦታ አይቸግርም፤ ዘመድ አዝማድ ሞልቷል። እኔ ለባለቤቶቹ ያለቀውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ቪዲዮውንም በዲስክ አስረክባለሁ። አገር ቤት ላሉት ደግሞ ከ2 ጊጋባይት ያነሰ ቅጂ በቴሌግራም ይሄዳል። በበጋ ሰዓታችን ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ስለሚለይ፣ እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የላክሁት እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቡና ሳይቀዳ ይደርሳል።

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያሉትን አሮጌ ካሴቶች ነገር ግን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። የካሴት ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ትልቅ ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሥራውን ያቆመው በ2016 ነው። በ2019 ደግሞ ከዩኔስኮ ጋር የሠሩ የድምፅና የምስል ማኅደር ባለሙያዎች፣ በማግኔት ክር ላይ ያለው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ኮምፒዩተር እንዲገለበጥ ለዓለም አስጠንቅቀዋል። ክሩ ያረጃል፤ ማጫወቻውም ይጠፋል። እነዚያ ካሴቶች ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይመርቃሉ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ካሴቶቹን አውጥታችሁ የማን እንደ ሆኑ፣ መቼና የት እንደ ተቀረጹ፣ ማን ማን እንዳለበት በእያንዳንዳቸው ላይ ጻፉ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ እያለ ጠይቁት። መገልበጡ በኋላ ይደርሳል፤ ለማንም ልጅ ልትሰጡት ትችላላችሁ። በካሴቱ ውስጥ የሚስቁት ሴትዮ ማን እንደ ሆኑ ግን የትኛውም ፕሮግራም አያውቅም፤ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ቸር ይግጠመን።